ሰርቪሱም በረቱም የራሱ ዋና ማጥፊያ ይኑረው፦ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ለቆመ ቤት መብራት ሲዘረጋ

ምሳሩ እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ አለ። ስለቱ መሃል ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጎድጓዳ አለች፤ ብረቱ እንደ ሰም ቀልጦ የተረጨበት ቦታ ነው። ባለቤቱ «ሁለተኛ እንጨት አልፈልጥበትም» ብሎ ሰጠኝ።

ነገሩ የሆነው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ከፊት ዋናው ቤት፣ ከኋላው ሁለት ክፍል ሰርቪስ፣ ከሰርቪሱ ማዶ ደግሞ አራት የፈረንጅ ላሞች የሚያድሩበት በረት አለ። ወሩ ኅዳር ነበር፤ ድርቆሹ ታጭዶ ገብቶ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። እኔ ጎረቤት ግቢ ምጣድ እየጠገንኩ ሳለ ጩኸት ሰማሁ። ስደርስ የበረቱ ቆርቆሮ ይንጣጣል፣ ከድርቆሹ ጥግ ጭስ ይወጣል። የመብራቱን ሽቦ አይጥ በልቶት ከቆርቆሮው ጋር ኮንታክት ፈጥሯል። «አጥፉት!» አልኩ። ማጥፊያው የለም። በረቱ ውስጥ የአምፖል ማብሪያ እንጂ ሌላ የለም፤ እሱንም ለመንካት የሚንጣጣውን ቆርቆሮ ተደግፎ ማለፍ ያስፈልጋል። መብራቱን ከምንጩ የሚያጠፋው ብሬከር ያለው ዋናው ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። ሳሎኑ ተቆልፏል፤ የቤቱ እመቤት ለቅሶ ሄደዋል፣ ቁልፉም አብሯቸው ሄዷል።

ይሄኔ ነው አንዱ ጎረቤት ምሳር ይዞ የመጣው። «ተው!» ብዬ ስጮኽ አንስቶ ነበር። ከሰርቪሱ ግድግዳ ወደ በረቱ የተወጠረውን ገመድ አንዴ መታው፤ ቀኑን የሚያጨልም ብልጭታ ወጣ፤ ሰውዬው በጀርባው ወደቀ። እጀታው ደረቅ እንጨት ስለነበረ ተረፈ። ሁለቱ ሽቦዎች በምሳሩ ብረት ላይ ስለተገናኙ የሳሎኑ ብሬከር ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ነው ውሃ ይዘን ወደ ድርቆሹ የቀረብነው።

አመሻሽ ላይ እመቤቲቱ ተመልሰው ሁሉንም ሲሰሙ እያለቀሱ «ማጥፊያው እኮ ከሳሎኑ በር ጀርባ ነበረ፣ ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ማጥፊያ ነበረ። እትዬን ምን ብዬ ልመልስላቸው? ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። ያንን በረት የዘረጋው ባለሙያ አንዲት ሳጥን ከበሩ አጠገብ ሰቅሎ ቢሄድ ኖሮ ነገሩ በአንድ ጣት ያልቅ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያች ሳጥን ነው።

በሰሜን ሸዋ ግቢ ውስጥ አንድ ቤት ብቻ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ማዕድ ቤቱ ለብቻው ነው፤ ጭሱ ሳሎን እንዳይገባ። ሰርቪሱ ለብቻው ነው፤ ይከራያል ወይም ልጅ ያድርበታል። በረቱ፣ የእህል ጎተራው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የዶሮ ቤቱ ሁሉም የየራሱ ግድግዳና ጣሪያ አለው። ቆጣሪው ግን አንድ ነው፤ መብራቱ ከዋናው ቤት እየተቀጠለ ይሄዳል። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ዝርጋታ ደግሞ የመብራት ኃይል ሳይሆን የባለቤቱ ኃላፊነት ነው፤ መጥቶ የሚያስተካክልልን የለም።

ደንቡ ምን ይላል? ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ ጉዳይ የሚነገረው አብዛኛው የአሜሪካው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የዚያ ደንብ አንቀጽ 225 ከዋናው ቤት ተነጥሎ ለቆመ ሕንፃ አራት ነገር ያዛል። መብራት የሚገባለት በአንድ መስመር ይሁን፤ በሁለት በሦስት አቅጣጫ እየተቀጠለ አይግባ። በዚያው ሕንፃ ላይ፣ በውስጥም ሆነ በውጭ፣ ሽቦው ለሚገባበት ቦታ ቅርብ የሆነ ዋና ማጥፊያ ይኑር። ማጥፊያው ከአንድ በላይ ከሆነ ከስድስት አይብለጥ፣ ሁሉም አንድ ቦታ ይሰብሰቡ። እያንዳንዱም ምን እንደሚያጠፋ ይጻፍበት። አንድ መስመር ብቻ ለምትገባላት ትንሽ የመኖሪያ ግቢ ጎጆ ተራ የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ እንኳ በዋና ማጥፊያነት ይፈቀዳል። ስለዚህ ደንቡ ውድ ዕቃ ግዙ አይልም፤ የሚለው «እዚያው ቤት ላይ ይሁን» ነው።

እኛ ግን የምንኖረው በአሜሪካ ሥርዓት አይደለም። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ በሦስት ፌዝ (ኃይል በሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች) ሲሆን 380፣ ድግግሞሹም 50 ኸርዝ ነው፤ ዕቃዎቻችንም የሚሠሩት በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ ነው። ኢትዮጵያም በፈረንጆቹ 1995 የወጣ የራሷ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደረጃ አላት፤ ባለሙያዎች ኢቢሲኤስ 10 የምንለው። የዓለም አቀፉ ደረጃ 60364 ደግሞ ስለ እርሻና ከብት ቤቶች ብቻ የሚናገር ክፍል አለው፤ ቁጥሩ 705 ነው። ይህን ክፍል መጀመሪያ ሳነበው የእኛን ግቢ አይቶ የጻፈው መሰለኝ። እያንዳንዱ ሕንፃ በአንድ ማጥፊያ ከመስመሩ ይነጠል ይላል። ማጥፊያው የትኛውን ክፍል እንደሚያጠፋ ይጻፍበት ይላል። ማጥፊያው ከብት ሊደርስበት ወይም ከብት ቆሞ መንገድ ሊዘጋበት በሚችል ቦታ አይሁን ይላል። በዓመት አንድ ሰሞን ብቻ የሚሠራ መስመር፣ ለምሳሌ የመከር ጊዜ ማሽን፣ ሲጠፋ ኒውትራሉም፣ ማለትም ኃይሉ የሚመለስበት ሽቦ፣ አብሮ ይቆረጥ ይላል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የሁለቱን ሥርዓት ልዩነት ስለሚያሳይ ትንሽ ልቆይበት። በአሜሪካው ደንብ ፌዙን መቁረጥ ይበቃል። ኒውትራሉ ከመሬት ጋር በደንብ የተያያዘ ስለሆነ አይነዝርም ተብሎ ይታሰባል። እኛ ጋ ይህን እምነት መያዝ አይቻልም። ነፋስ ገመድ በጥሶ በተጠገነ ቁጥር ወይም ከምሰሶው ወደ ቤት የሚገባው መስመር በተቀየረ ቁጥር ፌዝና ኒውትራል ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ። አምፖሉም ምጣዱም እንደ ድሮው ስለሚሠራ ማንም ሳያውቅ ዓመት ያልፋል። አንድ ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ብሬከር ያለው ሰው ያን ጊዜ «አጥፍቻለሁ» ብሎ የሚነካው ሽቦ ፌዙ ራሱ ይሆናል። ስለዚህ ለበረት፣ ለማዕድ ቤትና ለሰርቪስ ሁልጊዜ የምመክረው ሁለቱንም ሽቦ በአንድ እጀታ የሚቆርጥ ባለ ሁለት ፖል ማጥፊያ ነው። ሦስት ፌዝ ለሚገባለት ወፍጮ ቤት ባለ አራት ፖል ይሁን። የኧርዝ ሽቦ ግን፣ ብረት ላይ ያመለጠውን ኃይል ወደ መሬት የሚያወርደው፣ በምንም ማጥፊያ ውስጥ አያልፍም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ መሄድ አለበት።

ዋና ማጥፊያና ብሬከር አንድ ናቸው ወይ ተብዬ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ሥራቸው ሁለት ነው። ማጥፊያው ሰው አስቦ የሚያጠፋበት እጀታ ነው፤ ብሬከሩ ደግሞ ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫን ወይም ኮንታክት ሲፈጠር ሰው ሳይነካው የሚወርድ ጠባቂ ነው። ባለ ሁለት ፖል ብሬከር ሁለቱንም ሥራ መሥራት ስለሚችል ለአንድ ሰርቪስ ወይም በረት አንዱ ይበቃል። መጠኑ ከሽቦው ጋር ይሂድ። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል። ለማዕድ ቤት 4 ስኩዌር ሚሊ ሽቦና 20 አምፔር ብሬከር ካደረግን ምጣዱ በሰላም ይሠራል። በዚያው ሽቦ ላይ «ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረኝ» ተብሎ 40 አምፔር ከተተከለ ግን ብሬከሩ ዝም ይላል፣ የሚሞቀው ሽቦው ነው። የሚወርድ ብሬከር የሚናገረው ነገር አለው፤ በትልቅ ተክቶ አፉን መዝጋት ትልቅ ጥፋት ነው።

የት ይሰቀል? እዚህ ላይ ባለሙያው ብቻውን ባይወስን ጥሩ ነው፤ ግቢውን የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች ናቸው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «በጨለማ፣ በድንጋጤ፣ ከየት በኩል ነው ሮጣችሁ የምትመጡት?» ብዬ ነው። መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የበሩ ውጭ ነው። ከበሩ ጎን፣ በር ሲከፈት በማይሸፍነው በኩል፣ በሰው ደረት ቁመት ይሁን። የአሜሪካው ደንብ የእጀታው ከፍታ ከ2 ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ይላል፤ እኔ ግን ከዚያም ዝቅ ይበል እላለሁ፤ ወንበር ሳይፈልጉ አያትም ይድረሱበት። ከሥሩ የጤፍ ጆንያ ወይም የኩበት ክምር የማይቀመጥበት ቦታ ይመረጥ። ጆንያ ዛሬ ባይኖርም መከር ሲገባ ባዶ ግድግዳ ሁሉ ጎተራ ይሆናልና፣ ቀድሞ ማሰብ ነው።

ሳጥኑ ውጭ ከሆነ ውሃ የማያስገባ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ይሁን፤ ገመዱም ከላይ ሳይሆን ከሥር ይግባ። ጣርማበርና አንኮበር ጉም ሲወርድ ግድግዳው ራሱ ያላባል፤ ከላይ በተበሳ ቀዳዳ የሚገባ ጠብታ ብሬከሩ ላይ ነው የሚያርፈው። ሸዋሮቢት ቆላ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ፈተና ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚመታው ቆርቆሮ ላይ የተሰቀለ ብሬከር ያለ ምክንያት ይወርዳል፤ በጥላው በኩል ይሰቀል።

ክዳኑ ላይም ይጻፍ። «የበረት ዋና ማጥፊያ» ብሎ በማይለቅ ቀለም መጻፍ ምንም ወጪ የለውም። ዋናው ቤት ሳጥን ውስጥ ያለው የበረቱ ብሬከርም እንዲሁ ይጻፍበት። አምስት ብሬከር ተደርድሮ የቱ የየትኛው ቤት እንደሆነ የሚያውቀው አባወራው ብቻ ከሆነ፣ እሱ በሌለበት ቀን አምስቱም እንደሌሉ ናቸው።

አሁን ወደ ኧርዝ ልለፍ፤ ብዙ በረት የተበላሸበት ቦታ እሱ ነው።

አንድ ገበሬ «ላሚቱ ከብረት ገንዳው ውሃ አልጠጣም አለች፤ በባልዲ ስሰጣት ትጠጣለች» ብሎ ጠራኝ። የእንስሳት ሐኪም አይቷታል፤ ምንም በሽታ የለባትም። እኔ መለኪያዬን ገንዳውና እርጥቡ ወለል ላይ አስነካሁ፤ ምንም የለም። የመኖ መፍጫውን አስነሱልኝ አልኩ። ሞተሩ ሲነሳ ቁጥሩ ወደ 4 ቮልት ወጣ። ሰው ይህን አይሰማውም፤ ጫማ አለው፣ እጁም ደረቅ ነው። ላም ግን በአራት እርጥብ ሰኮና ቆማ በእርጥብ አፍንጫዋ ነው ብረቱን የምትነካው። የላም ሰውነት ለኤሌክትሪክ ያለው መከላከያ ወደ 500 ኦም ስለሚገመት 4 ቮልት 8 ሚሊ አምፔር ያህል ያሳልፍባታል። አፏን ባስገባች ቁጥር ይነዝራታል፤ ስለዚህ መጠጣት ተወች።

የበረቱን ሳጥን ስከፍት ኒውትራሉና ኧርዙ አንድ ላይ ታስረዋል። የሠራው ሰው ክፋት አስቦ አይደለም፤ ዋናው መግቢያ ላይ ሁለቱ ሲታሰሩ አይቶ እዚህም የሚያስፈልግ መስሎታል። ውጤቱን በቁጥር እንየው። ከዋናው ቤት እስከ በረቱ 40 ሜትር ነው፤ ሽቦው 2.5 ስኩዌር ሚሊ መዳብ ነው። የአንዱ ሽቦ መከላከያ 0.28 ኦም ይሆናል። ሞተሩ 14 አምፔር ሲስብ ኒውትራሉ ላይ ወደ 4 ቮልት ይጠፋል። ኒውትራልና ኧርዝ እዚያ ታስረው ስለነበር ያ 4 ቮልት በኧርዙ በኩል ገንዳው ላይ ወጣ። ያ ኒውትራል መንገድ ላይ ቢበጠስ ደግሞ ነገሩ ከላም ጥማት ያልፋል፤ አምፖሉን ያበራ ሰው የበረቱን ብረት ሁሉ በ220 ቮልት ይሞላዋል።

ስለዚህ ደንቡ ግልጽ ነው፤ በተነጠለው ቤት ሳጥን ውስጥ ኒውትራልና ኧርዝ የየራሳቸው ማሰሪያ ይኑራቸው፣ አይገናኙ። የአሜሪካው ደንብም ቀድሞ በተወሰነ ሁኔታ ይፈቅደው የነበረውን ይህን ማሰር በፈረንጆቹ 2008 እትሙ ለአዲስ ዝርጋታ ከልክሎታል። ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ወይም ወደ በረት የሚሄደው ገመድም ሦስት ሽቦ ይኑረው፤ ፌዝ፣ ኒውትራልና ኧርዝ። ሁለት ሽቦ ወጥሮ «ኧርዙን እዚያው እንተክላለን» ማለት በቂ አይደለም።

ለምን በቂ እንደማይሆን ላስረዳ፤ «የኧርዝ ዘንግ ቀብሬያለሁ፣ ከእንግዲህ አልሰጋም» የሚል ሰው ብዙ ነውና። የእኛ ደጋ አፈሩ ስስ ነው፤ ትንሽ ሲቆፈር ድንጋይ ይገኛል፤ በበጋ ደግሞ መሬቱ ደርቆ ይሰነጠቃል። የተቀበረው ዘንግ በጥሩ ቦታ 20 ኦም አገኘ እንበል። ፌዙ ቆርቆሮውን ነካ። 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ነው። 16 አምፔር ብሬከር በ11 አምፔር አይወርድም! ቆርቆሮው ተሞልቶ ይቆያል፤ ብሬከሩ ግን ተራ አምፖልና ምጣድ የበራ ነው የሚመስለው።

ይህን ክፍተት የሚዘጋው ሊኬጅ ብሬከር፣ በሙያው አጠራር አርሲዲ የሚባለው ነው። በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ይቆጥራል፤ ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ በሌላ መንገድ፣ በቆርቆሮ ወይም በሰው በኩል፣ ካመለጠ በቅጽበት ይቆርጣል። ለከብት ቤት ሶኬቶች የዓለም አቀፉ ደረጃ የሚጠይቀው ይህንኑ 30 ሚሊ አምፔር ነው፤ ሶኬቱ ከ32 አምፔር የሚበልጥ ከሆነ 100፣ ለቀሩት መስመሮች ደግሞ ቢበዛ 300 ሚሊ አምፔር ይፈቅዳል። በዚያ 20 ኦም ዘንግ ላይ 30 ሚሊ አምፔር የሚፈጥረው ከ1 ቮልት በታች ነው። ያኔ ዘንጉ ዋጋ ያገኛል፤ ሁለቱ አብረው ናቸው የሚሠሩት። ኒውትራልና ኧርዝ በረቱ ውስጥ ከታሰሩ ደግሞ አርሲዲው እየወረደ ያስቸግራል፤ «ዕቃው ብልሽት አለው» ተብሎ የሚወረወረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ባለ ሁለት ፖል አርሲዲ ያለው ሳጥን ዋና ማጥፊያም ስለሚሆን፣ ገንዘቡ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከበቃ የምመርጠው እሱን ነው፤ ከዋናው ቤት የሚነሳው መስመር ግን የራሱ ብሬከር እንዳለው ይረጋገጥ፤ አርሲዲ ከመጠን ያለፈ ጭነትን አይጠብቅምና።

በሁለቱ ቤቶች መካከል ስላለው ገመድ ብዙ አልልም። በአየር ከሄደ ለውጭ የተሠራና ላሜራ ጠርዝ የማይበላው ይሁን፤ በመሬት ከሄደ በኮንዲዩት (የሽቦ ቱቦ) ውስጥ፣ አካፋና ማረሻ በማይደርስበት ጥልቀት ይቀበር። ዲቫይደር በመስኮት አውጥቶ ሰርቪስን ማብራት ግን ዝርጋታ አይደለም። ተከራይ ያላችሁ በተለይ ይህን አስቡበት። ዋናው ቤት ሲቆለፍ ተከራዩ የገዛ ክፍሉን መብራት ማጥፋት ካልቻለ፣ እሳት ሲነሳ ከእነልጆቹ ምንም ማድረግ የማይችል ሰው ነው።

መብራት ሲሄድ ወተት ማለቢያ ወይም ወፍጮ በጀነሬተር የምታስነሱም አላችሁ። ጀነሬተሩ የሚገባው በቼንጅ ኦቨር ብቻ ይሁን፤ ወይ የመብራት ኃይሉን ወይ የጀነሬተሩን እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ የማያገናኝ። ሶኬት ላይ ወንድና ወንድ መሰኪያ ሰክቶ መላክ ጀነሬተሩ የሚያመነጨውን ኃይል ወደ ምሰሶው ይመልሰዋል፤ እዚያ ላይ መስመር ሊጠግን የወጣ የሰው ልጅ አለ።

ሥራውን ለባለሙያ ስትሰጡ ፈቃድ ያለው ይሁን፤ ሲጨርስም ሦስት ነገር ፊታችሁ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። የተነጠለውን ቤት ማጥፊያ ያውርድና በዚያ ቤት ውስጥ ባሉት ሶኬቶች ሁሉ ላይ በሁለቱም ቀዳዳ ምንም እንደሌለ በመለኪያ ያሳይ፤ ከቴስተር ይልቅ ቮልት የሚያነብ መለኪያ ይሁን። የበረቱን ሳጥን ከፍቶ ኒውትራሉና ኧርዙ ለየብቻ መታሰራቸውን ያሳይ። የአርሲዲውን «ቲ» የሚል ቁልፍ ይጫን፤ ወዲያው መውረድ አለበት። ይህን ቁልፍ እናንተም በወር አንዴ ተጫኑት፤ ሳይነካ ለዓመታት የቆየ አርሲዲ ውስጡ ሊደርቅ ይችላል።

እትዬ ግቢ አዲሱን ሳጥን የሰቀልኩት ከበረቱ በር በስተቀኝ፣ ከእሳቸው ደረት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ስጨርስ «እስቲ ልሞክረው» ብለው እጃቸውን በነጠላቸው አደራርቀው እጀታውን አወረዱት። በረቱ ጨለመ፤ ላሞቹ ማመንዠካቸውን አላቋረጡም። «ይኸው ነው?» አሉኝ። «ይኸው ነው፣ እትዬ» አልኳቸው፤ መልሰው አበሩት፣ ከዚያም የሰርቪሱን ተከራይ ልጅ ጠርተው እሷም እንድትሞክር አደረጉ።